አርባ አንደኛው ስም

በኖቬምበር ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በቢል ከተማ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ የሕንፃው ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ሌደራህ ናት። ሁለተኛው ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ኤድሞን ግሮዣን ነው። ሦስተኛው ከስሎቬኒያ የመጣሁ የማሽን ጠጋኝ ነኝ የሚለው ቦያን ዙፓን ነው።

ቦያን ዙፓን የሚባል ሰው ግን አልነበረም።

የሰውዬው ስም ፍሉሪን ካድሩቪ ነው። የተወለደው ቢል ካለችበት ከዚያው አገር ተራሮች መካከል፣ ሮማንሽ የሚባል ቋንቋ ከሚነገርበት ሸለቆ ነው። በርን ከተማ ያለው የስለላ ቢሮ «ቁራ» ብሎ ይጠራዋል። ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ሰው ሆኖ ኖሯል።

ሐሙስ የግሮዣን ማጠቢያ ቀን ነው፤ ዓርብ የቦያን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ቁልፍ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያልፋል። ከቁልፉ ጋር የዱቄት ሳሙና ካርቶን ያልፋል። በካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ከጥፍር የማትበልጥ የመረጃ መያዣ ካርድ።

በካርዷ ላይ ስሞችና አድራሻዎች አሉ። ከአንድ ጨካኝ መንግሥት ሸሽተው እዚህ የተጠለሉ አርባ አንድ ሰዎች። በየፍርድ ቤቱ ቆመው ያዩትን የመሰከሩ። ዝርዝሩ በሦስት ተከፍሎ ነበር የሚሸጠው፤ ዛሬ የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍል ነው። ግሮዣን ከመዝገብ ቤት ያወጣዋል፣ ቦያን ተቀብሎ ለገዢዎቹ ያደርሳል። መካከል ላይ ቢሮው እውነተኞቹን ስሞች በሐሰተኛ ይተካል።

ዕቅዱ ይህ ነበር።

«አራተኛ ፎቅ ያሉት ትናንት መቼ እንዳጠቡ ታውቃላችሁ?» አለች ወይዘሮ ሌደራህ፣ መወልወያዋን እንደ ምርኩዝ ተደግፋ። «በምሳ ሰዓት። ሰው ሾርባውን ሊጠጣ ሲል ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ወረቀት ለጥፌያለሁ። አንዱን በጀርመንኛ፣ አንዱን በፈረንሳይኛ፣ አንዱን በሥዕል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፣ ልዝፈንላቸው?»

«ይዝፈኑላቸው፣ እመቤቴ» አለ ግሮዣን። «ያኔ ለቀው ይሄዳሉ።»

«የእርስዎ አፍ መቼም። ከእርስዎም ቢሆን ማሽኑን ርጥብ ነው የምረከበው።» ወደ ፍሉሪን ዞረች። «አቶ ዙፓን ግን ይመስገኑ። የበሩን ላስቲክ በጨርቅ ያደርቃሉ። ማጥለያውን አውጥተው ያጥባሉ። የማሽኑን በር ሁለት ጣት ያህል ክፍት ትተው ይሄዳሉ፣ እንዳይሸት። እኔ አልነገርኩዎትም። ማን አስተማረዎት?»

ፍሉሪን ፈገግ አለ።

እጁን ግን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ማሽን ጠጋኝ ነኝ እኮ። ማሽን ያሳዝነኛል።»

«ማሽን ያሳዝነዋል አሉ» ብላ እየሳቀች ደረጃውን ወጣች። የእግሯ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ግሮዣን የሳሙናውን ካርቶን አላነሣም። ወደ በሩ ሄደ። ዘጋው። ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ።

«የየትኛው ሸለቆ ልጅ ነህ?» አለው።

«አልገባኝም፣ አቶ ኤድሞን።»

«ይገባሃል። የመጣህ የመጀመሪያው ዓርብ ካልሲ ረስቼ ወደዚህ ወረድኩ። ጎንበስ ብለህ ላስቲኩን ስትጠርግ አየሁህ። ማንም ሳያዝህ። እዚህ ሕንፃ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ከውጭ የመጣ ሰው ያጥባል፣ ልብሱን ይሰበስባል፣ ይሄዳል። ጤነኛ ሰው ነዋ። በሩን ሁለት ጣት ከፍቶ የሚሄደው በልጅነቱ የዚህ አገር እናት በማንኪያ እጁን የመታችው ሰው ብቻ ነው። የእኔም እናት መትታኛለች፤ እኔ ግን ልክ አልገባሁም።»

ፍሉሪን እጆቹን አየ። ስምንት ወር ሙሉ አነጋገሩን፣ አረማመዱን፣ አበላሉን ሲለውጥ ኖሮ እጆቹን ረስቶአቸው ነበር። ማሽኑ ፊት ሲቆሙ እጆቹ ወደ እናቱ ቤት ይመለሱ ነበር።

ግሮዣንን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጠገነ ሰው ነው። ጃስ የሚባለውን ካርታ አብረው ሲጫወቱ ቆይተዋል። ሲሸነፍ ያለቅሳል ማለት ይቻላል።

«ለገዢዎቹ ነግረሃቸዋል?» አለ ፍሉሪን። አንቱታው የት እንደ ወደቀ ሁለቱም አላስተዋሉም።

«ስለ አንተ? አልነገርኩም። ብነግራቸው ከአንተ ቀጥሎ እኔን ነው የሚቀብሩት።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

ግሮዣን መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገ። መልሶ አደረገው። እንደገና አወለቀው።

«ሁለት አድራሻ ፈትሸው ማንም አላገኙም። አንዱ ቤት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ተቀምጧል። ባለፈው ሰኞ ወደ እኔ መጡ። አንተ ዘንድ ስሞቹ እንደሚቀየሩ ያኔ ገባኝ። ምን ልበላቸው? አንድ እውነተኛ ስም ሰጠኋቸው። በቃሌ የማውቀውን። አርባ አንደኛውን።»

«የማንን?»

«ሳይዳን። ሐኪሟን።»

ፍሉሪን ያውቃታል። በአካል አይቷት አያውቅም እንጂ መዝገቧን አንብቧል። በአገሯ እስር ቤት ውስጥ ሬሳ እየመረመረች የሞቱበትን ምክንያት በወረቀት ላይ የጻፈች፣ ወረቀቱን ጫማዋ ውስጥ አድርጋ ድንበር የተሻገረች ሴት። ሐይቅ ዳር ካለችው ከሊገርትስ መንደር በላይ ባለው አምባ በአንድ የአረጋውያን ቤት በወጥ ቤት ሠራተኛነት ትኖራለች።

«ሊያነጋግሯት ብቻ ነው ብለውኝ ነበር» አለ ግሮዣን። «ዛሬ ጠዋት ግን ከእነሱ አንዱ፣ ባለ ግራጫ ካፖርቱ፣ መጣ። ወደ አምባው የሚወጣው የዘጠኝ ሰዓት ከአርባው የገመድ ባቡር ስንት ሰው እንደሚጭን ጠየቀኝ። ላይኛው ጣቢያ ካሜራ እንዳለ ጠየቀኝ። ከሥራ የምትወጣው አሥር ሰዓት ነው። በጫካው መንገድ የምትሄደው ብቻዋን ነው።»

ፍሉሪን ሰዓቱን አየ። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት።

«ለምን አደረግኸው፣ ኤድሞን?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ» አለ ግሮዣን። ድምፁ ቀጭን ሆነ። «የክፍሉ ኃላፊነት ክፍት ሲሆን ተራው የጀርመንኛ ተናጋሪ ነው አሉኝ። ቀጥሎ የጣሊያንኛ ተናጋሪ። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይኛ ሆነ፤ ግን ከሌላ ካንቶን፣ ከሌላ ክፍለ አገር መሆን አለበት ተባለ፣ የእኛ ካንቶን ድርሻውን ወስዷል ብለው። ሁሉም ሰው እኩል እንዲሆን ሲያከፋፍሉ እኔ ከክፍፍሉ ውጭ ቀረሁ። እነዚያ ሰዎች መጥተው ‹አቶ ግሮዣን፣ ያለ እርስዎ አይሆንም› አሉኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ፍሉሪን ከበሩ ገለል አድርጎት ወጣ። ብስክሌቶቹ ወደሚቆሙበት ክፍል ገብቶ ደወለ። አለቃው ወይዘሮ ናይደገር ናት፤ በስልክ «አክስት» ትባላለች።

«አክስቴ፣ ባለ ግራጫ ካፖርቱ ወደ አምባው እየወጣ ነው። ወደ ሐኪሟ።»

ከወዲያኛው ጫፍ ብዕር ሲቀመጥ ተሰማ።

«አንተ አሥር ሰዓት ላይ ባቡር ጣቢያ ነህ» አለች። «ሰዓት ሠሪው ራሱ ይመጣል። ካርዱን ከእጅህ ይቀበላል። እንይዘዋለን። ከዚያ ውጭ ምንም የለም።»

ሰዓት ሠሪው የገዢዎቹ አለቃ ነው። ፊቱን ያየው ሰው አልነበረም።

«ፖሊስ ይላኩላት።»

«የገመድ ባቡሩ ጣቢያ በዚህ ካንቶን ነው። የአረጋውያኑ ቤት ከድንበሩ ወዲያ በሚቀጥለው ካንቶን ነው። የታችኛው ፖሊስ የላይኛውን ማስፈቀድ አለበት። ማስፈቀጃው በሁለቱም ቋንቋ ካልተጻፈ ማንም አይፈርምም። ሁለት ሰዓት ይፈጃል።»

«ይህን አስቀድመው አጣርተውታል ማለት ነው።»

ብዕሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«አክስቴ፣ ታውቁ ነበር?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ» አለች። «የግሮዣንን ስልክ እንሰማለን። ገዢዎቹ መጠራጠር ጀምረው ነበር። አንድ እውነተኛ ስም ካገኙ ሰዓት ሠሪው ይመጣል። አርባው ይተርፋል። ወደ ጣቢያው ሂድ፣ ቁራ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ፍሉሪን በጨለመው ክፍል መካከል ቆመ። ሁለት ቦታ ይፈለጋል። ያለው አንድ ሰውነት ነው።

ተመልሶ ገባ። ካርዷን ከሳሙናው ውስጥ አወጣና በግሮዣን መዳፍ ላይ አኖራት።

«አሥር ሰዓት ላይ ባቡር ጣቢያው ምግብ ቤት ትቀመጣለህ። ቦያን ታሟል፣ እኔን ላከኝ ትላለህ። ካርዷን ትሰጠዋለህ።»

«እኔ? እኔ እኮ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው።»

«ሰጥተኸው ስትነሣ የሚይዙህ የእኛ ሰዎች ናቸው። ካልሄድህ ገዢዎቹ ናቸው የሚይዙህ። የቱ ይሻልሃል?»

ግሮዣን ካርዷን ጨበጠ።

«ኮት ልልበስ?» አለ።

«ልበስ። ውጭ ይበርዳል።»

የዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አምስቱ ባቡር በሰዓቱ ተነሣ። ሐይቁ አይታይም ነበር። ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ተለጥፏል። ሊገርትስ ሲደርስ የወይኑ ተክል እርከኖች ገና ከመጀመሪያው ረድፍ በላይ በጉም ተውጠው ነበር።

የገመድ ባቡሩ ትንሽ ናት። አንዲት አሮጊት ባሮ ሽንኩርት የሞላ ቅርጫት ይዛ ከፊት ተቀምጣለች። ከኋላ ባለ ግራጫ ካፖርት ሰው።

ፍሉሪን ገባ። እዚያ አገር እንዲህ ካለች ጠባብ ባቡር ሲገባ ሰው ሁሉ ሰላም ይባላል።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋልክ ልጄ» አለች አሮጊቷ በፈረንሳይኛ።

ባለ ካፖርቱ ምንም አላለም። አሮጊቷ ዞር ብላ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ሰውዬው መስማት ይቸግራቸዋል መሰለኝ» አለች ለፍሉሪን፣ ሰውዬው እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ወይስ ሰላምታ ቀረጥ ተጣለበት?»

ባቡሯ መውጣት ጀመረች። ገመዱ ሲሳብ ወለሉ ስር ያቃስታል። ፍሉሪን ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተከለ። በመስተዋቱ ውስጥ ባለ ካፖርቱ ያየው ነበር።

ያውቀዋል። ሁለት ጊዜ ከሩቅ ተያይተዋል።

አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። በድንገት ጉሙ ከበታቻቸው ቀረ፤ ፀሐይ በአንድ ጊዜ ባቡሯን ሞላች። ከታች ነጭ ባሕር ተኝቷል፤ ከማዶ የአልፕስ ተራሮች ተደርድረዋል። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለፀሐይ ሰጠች።

ሰውዬው የቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ላይኛው ጣቢያ ደረሱ። አሮጊቷ ቅርጫቷን ይዛ በዝግታ ወረደች። ባለ ካፖርቱ ከጣቢያው ጀርባ፣ በሐዲዱ ጉድጓድ ዳር ባለው የእግር መንገድ ወደ ጫካው አመራ። ፍሉሪን ተከተለው።

«ቁም» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰዓት ሠሪው ልኮኝ ነው። ሥራው ተሰርዟል።»

ሰውዬው ቆመ። ዞረ።

«አንተ ዕቃ አመላላሹ ነህ።»

«ነኝ።»

«ለምን አልደወለልኝም?»

«ስልኩ ተጠልፏል። ለዚህ ነው በእግሬ የመጣሁት። ውረድና በማታው ባቡር ከአገር ውጣ ብሎሃል።»

«ቃሉስ?»

ፍሉሪን የሚያውቀው የአመላላሾቹን የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ያንኑ ሰጠው።

«ሚዛኑ ይዘገያል።»

ሰውዬው ጥቂት አሰበ። ትከሻው ላላ። ከዚያ የግራ እጁን አንሥቶ ሰዓቱን አየ።

«አሥር ሊሆን ስድስት ደቂቃ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ አሥር ሰዓት ላይ ከእሱ ጋር ቢል ነህ። እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ፍሉሪን አንድ እርምጃ ተጠጋ።

የሰውዬው ቀኝ እጅ ከኪሱ ወጣ።

መርፌ ነው።

ፍሉሪን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ተወረወረ። የሰውዬውን አንጓ ያዘ። ሰውዬው በግራ ክርኑ አፍንጫውን መታው፤ ዓይኑ ፊት ብርሃን ተበተነ። የመርፌው ጫፍ ወደ አንገቱ ተጠጋ፤ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ቀረው። ፍሉሪን ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ በሙሉ ክብደቱ ወደ ጎን ጣለው። ዝቅተኛው የሽቦ አጥር ተበጠሰ። ሰውዬው ብቻውን ወደ ሐዲዱ ጉድጓድ ወረደ።

አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

መርፌው ድንጋዩ ላይ ተሰባብሮ ቀረ። ሰውዬው ጭኑን አቅፎ ተጠቀለለ፤ ድምፅ አላሰማም።

አሮጊቷ ከነቅርጫቷ ተመልሳ አጥሩ ዳር ቆመች። ወደ ታች አየች።

«አቶ» አለችው። «ሐዲዱ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ሰሌዳው በሁለት ቋንቋ ተጽፏል።» ወደ ፍሉሪን ዞረች። አፍንጫው ላይ ያለውን ደም ስታይ ድምፅዋ ተለወጠ። «ባቡሩን ላስቁምልህ፣ ልጄ? ቀይዋን ቁልፍ መጫን አውቃለሁ። ባሌ እዚህ ነበር የሚሠራው።»

«ያስቁሙልኝ፣ እናቴ። ሰው እስኪመጣም አይጠጉት።»

«ሰላም የማይል ሰው ምን አባቴ ልጠጋው» አለችና ሄደች።

ፍሉሪን ሮጠ።

በአረጋውያኑ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ፀጉሯን በጨርቅ ያሰረች ሴት የድንች ልጣጭ ትጠርግ ነበር። የደማውን ሰው ስታይ አልደነገጠችም። ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን አጠበች።

«አፍንጫህ አልተሰበረም» አለች በፈረንሳይኛ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠች ነበር የምትናገረው። «ስንት ደቂቃ አለኝ?»

«አምስት፣ ዶክተር። በኋለኛው በር።»

«ከመንግሥት ነህ?»

«አዎ።»

«ከየትኛው?»

«ከዚህኛው።»

ጥቂት አየችው። ከግድግዳው ላይ ካፖርቷን አወረደች።

«እንደሚመጡብኝ ታውቁ ነበር?»

የሠለጠነበት ቢሮ ለዚህ ጥያቄ አሥር ዓይነት መልስ አስተምሮታል። አንዱንም አላገኘውም።

«ከማክሰኞ ጀምሮ» አለ።

ሳይዳ ራሷን ነቀነቀች፤ የበሽተኛ ምልክት እንደሚነገራት ሐኪም።

«ማክሰኞ የሠራሁት ኬክ አሮብኝ ነበር» አለች። «ረቡዕ ከነርሷ ጋር ተጣላሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በእንዲህ ያለ ነገር ነው የተናደድኩት።» የካፖርቷን ቁልፎች ቆለፈች። «እንሂድ።»

ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ተነሣ። ሹፌሩ ሰላም አላቸው፤ ሁለቱም መለሱ። አውቶቡሱ የካንቶኑን ድንበር ሲያልፍ የሚያስታውቅ ነገር አልነበረም፤ ያው ሜዳ፣ ያው ላም። የፍሉሪን ስልክ ጮኸ።

«ሰዓት ሠሪው በእጃችን ነው» አለች አክስት። «ካርዱም ተገኝቷል። የላይኛውም ሰው ተነሥቷል፤ ይተርፋል። ትእዛዝ ጥሰሃል፤ ስለ እሱ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ግሮዣንስ?»

የወረቀት ድምፅ ተሰማ።

«ሰዓት ሠሪው አንተን ጠብቆ ግሮዣንን ሲያይ ነገሩ ገባው። ካርዱን ተቀብሎ ክንዱን በግሮዣን ክንድ ጠለፈ፤ ጓደኛሞች መስለው ወደ ሐዲዱ ወጡ። የእኛ ሰዎች ሃያ እርምጃ ርቀው ነበር። ከኒውሻቴል የሚመጣው ባቡር እየገባ ነበር።»

«ገፋው?»

«ባቡሩ በሰዓቱ ነበር» አለች አክስት። ከዚያ ሌላ ነገር ለማለት ፈልጋ እንደ ነበር ፍሉሪን ተሰማው። ስልኩን ዘጋችው።

ሳይዳ ከጎኑ ተቀምጣ ታየው ነበር። ከኪሷ ንጹሕ መሐረብ አውጥታ ሰጠችው። ያዘው፤ አልተጠቀመበትም። የላከው እሱ ነው። ኮት ልበስ ያለውም እሱ ነው።

በማግስቱ ቦያን ዙፓን ከቢል የነዋሪዎች መዝገብ ተሰረዘ። ኤድሞን ግሮዣን በትውልድ መንደሩ ሲቀበር ከመዝገብ ቤቱ ሦስት ሰዎች ተገኙ። አርባው ሰዎች ምንም ሳያውቁ በየቤታቸው ኖሩ። ሳይዳ ሌላ ስም ተሰጥቷት ጀርመንኛ ወደሚነገርበት ካንቶን ተዛወረችና ቋንቋውን ከፊደሉ መማር ጀመረች። ፍሉሪን ካድሩቪ በፌብሩዋሪ ሉጋኖ ወደምትባል ከተማ ገባ፤ በአንድ የአበባ መጋዘን የሌሊት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ፤ የተቀጠረበትም ስም ሌላ ነበር።